ሙዚቃን በዲግሪ መማር፦ ከጀማ ሸለቆ እስከ ያሬድ ትምህርት ቤት

(የዋሽንት ድምፅ። ቀስ እያለ ይቀንሳል።)

 በዓለም ከተማ፣ በመራቤቴ ቆላና ደጋ፣ በመንዝና በግሼ አምባዎች የምትከታተሉን ሁሉ፣ አሁን የሰማችሁት ዋሽንት ነው። ከሸምበቆ የተቆረጠ፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ እረኛ በብብቱ ሸጉጦ የሚዞረው ዋሽንት። የዛሬውን ትምህርታችንን ከእሱ እንጀምራለን።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። አንድ እረኛ በታኅሣሥ ማለዳ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ እያለ ዋሽንቱን ነፋ እንበል። ያንኑ ዋሽንት በሌላ ቀን ጀማ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድንጋዩ እግር ሲያቃጥል ነፋው። ጣቱ ያው፣ ቀዳዳው ያው፣ ሸምበቆውም ያው ነው። ድምፁስ ያው ይሆናል?

አይሆንም። ጀማ ላይ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከፍ ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ ይጓዛል፤ የሚጓዝበት ፍጥነት ደግሞ በአየሩ ሙቀት ይወሰናል። ውኃ በሚረጋበት በ0 ዲግሪ ቅዝቃዜ ድምፅ በሰከንድ 331 ሜትር ያህል ይሄዳል። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ፍጥነቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። መንዝ በ5 ዲግሪ፣ ጀማ በ30 ዲግሪ ቢሆኑ ፍጥነቱ ከ334 ወደ 349 ሜትር ያድጋል ማለት ነው። በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየርም በዚያው ልክ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። በሙዚቃ ቋንቋ ይህ ግማሽ ድምፅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ነው። እርግጥ የነፊው ትንፋሽ ሸምበቆውን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ ከስሌቱ ያንሳል፤ ጆሮ ያለው ሰው ግን አይስተውም።

ማስንቆና ክራር ደግሞ በሌላ መንገድ ይለወጣሉ። የእነሱ ፊት ቆዳ ነው። በክረምት ጭጋግ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፤ ድምፁም ይደፈናል። ከበሮ መቺዎች ከበሮውን ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ወይም እሳት ዳር የሚያስጠጉት ስለዚህ ነው። አያቶቻችን ይህን ያውቁታል። የፊዚክስ መጽሐፍ አልገለጡም፤ ነገር ግን ያውቁታል።

ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ መማር ማለት እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። አያቶቻችን በእጃቸውና በጆሯቸው የሚያውቁትን ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚሆን መጠየቅ፣ መለካት፣ መጻፍ፣ ከዚያም ለሌላ ማስተማር መቻል ነው። ብዙ ወላጆች የሙዚቃ ዲግሪ ሲባል ልጃቸው መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፋኝ የሚሆንበት ትምህርት ይመስላቸዋል። ዘፋኝ ለመሆን ዲግሪ አያስፈልግም። የሀገራችን ታላላቅ ድምፃውያን አብዛኞቹ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ዲግሪው የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ዛሬ በዝርዝር እንየው።

(ክራር፤ አንድ ክር ብቻ ይመታል።)

አንድ ክር ብቻ ነው የመታነው። አሁን ያንኑ ክር ልክ መካከሉ ላይ በጣት ነካ አድርገን እንምታው።

(ክራር፤ ያው ክር፣ ከፍ ባለ ድምፅ።)

ሰማችሁ? ድምፁ ያው ነው፤ ግን ከላይ ሆነ። አባትና ልጅ አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ የልጁ ድምፅ ከአባቱ በላይ ሆኖ አንድ እንደሚመስለው ማለት ነው። ክሩ ለሁለት እኩል ሲከፈል የሚርገበገብበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ኦክታቭ የሚባለው ይህ ነው። ማስንቆ የሚጫወት ሰው በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ላይ ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልስ ሳያውቀው ክፍልፋይ እየሠራ ነው። የሒሳብ መምህራን እየሰማችሁን ከሆነ፣ ግማሽንና ሁለት ሦስተኛን ለማስተማር ከማስንቆ የተሻለ መሣሪያ አታገኙም።

ቀጥለን ወደ ቅኝት እንለፍ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉትን አራቱን ሁላችሁም በስም ታውቋቸዋላችሁ። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ትዝታን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ።

(ክራር፤ የትዝታ አምስት ድምፆች።)

አሁን ዶና ሶልን አንነካቸውም። ሬን በግማሽ ድምፅ እናላላታለን። ላንም እንዲሁ። ሚን ግን በግማሽ ድምፅ ጠበቅ እናደርጋታለን፤ ፋ ትሆናለች። ሦስት ክር ብቻ ነው የነካነው።

(ክራር፤ የአምባሰል አምስት ድምፆች።)

ይህ አምባሰል ነው። ስሜቱ ሁሉ ተለወጠ። እንዲህ ትንሽ የሆነች የክር መላላትና መጥበቅ የሰውን ልብ ከአንድ ስፍራ ነቅላ ሌላ ስፍራ ታኖረዋለች። ክራር መቺው ይህን በጣቱ ያደርገዋል። የሙዚቃ ተማሪው ግን ያደረገውን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ሌላ ሀገር ያለ ሰው ወረቀቱን አይቶ ያንኑ እንዲጫወት ማድረግ ይችላል። የዲግሪው የአራት ዓመት ድካም ትልቁ ክፍል ይህ ነው፦ የሰሙትን መጻፍ፣ የተጻፈውን መስማት። ሶልፌጅ ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ተማሪን ላብ በላብ የሚያደርገው መሣሪያው ሳይሆን ይኸው የጆሮ ሥልጠና ነው።

ይህ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት የት ነው? በሀገራችን አንጋፋው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ከመቋቋሙ በፊት የነበረውን ጥቂት ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች ተባሉ። ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መጡ፤ የሀገራችን ዘመናዊ የሙዚቃ ሥልጠና ሥሩ እዚያ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርና በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል።

ትምህርት ቤቱን በዳይሬክተርነት መጀመሪያ የመራው ግን አሸናፊ ከበደ የተባለ ወጣት ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ተወለደ። አሜሪካ፣ ሮቸስተር በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቀ፤ ሲመለስም ትምህርት ቤቱን ተረከበ። ከደረሳቸው ሥራዎች መካከል ስለ እረኛ ዋሽንት ነፊ የሚናገር አለ። ልብ በሉልኝ። የአውሮፓን ኦርኬስትራ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ለኦርኬስትራ ሊጽፍ ሲቀመጥ ጆሮው ውስጥ የነበረው እረኛው ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥር የሚመረምር መጽሐፍም ጻፈ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዐረፈ።

ትምህርት ቤቱ ለረጅም ጊዜ በዲፕሎማ ሲያስመርቅ ኖሮ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነና ዲግሪ መስጠት ጀመረ። በሠዓሊው በእስክንድር ቦጎስያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ውስጥም ነበረ። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ ትራምፔት እንዳለ ሁሉ ማስንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገናም በዲግሪ ደረጃ ይጠናሉ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይነካካ ነበር፤ ከፒያኖ ጋር በደንብ የተዋወቀው ያሬድ ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ ተማረና ተመልሶ እዚያው አስተማረ። ዓለሙ አጋ ደግሞ በገናን በልጅነቱ የተማረው ከጎረቤቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ በኋላ እሱ ራሱ ያሬድ ገብቶ በገና አስተማሪ ሆነ። ጎረቤት ቤት የተቀሰመ ዕውቀት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲሆን አያችሁ?

(በገና፤ ለጥቂት ጊዜ።)

በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ የበግ አንጀት ነው። ያ የሚነዝረው፣ ደረት የሚያርገበግበው ድምፅ የሚመጣው በየአውታሩ ሥር ከምትገባው ከእንዚራዋ ነው። በተለይ በዐቢይ ጾም ነው የምንሰማው።

የሰሜን ሸዋ ሰው የሙዚቃ ትምህርት ከአዲስ አበባ መጣልኝ ብሎ እንዳያስብ አንድ ነገር ልጨምር። የቤተ ክርስቲያናችን የድጓ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ሳይወጣለት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ትቶልናል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማውን በምልክት ጻፉት። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቁርጥ። ከእነዚህ ሌላ በቃሉ ላይ በትናንሽ ፊደል የሚጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዜማ ምልክቶች አሉ። ትምህርቱም በየስልቱ የተለየ ነው፤ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያሉ ይጠሩታል። ተጉለትም በዚህ ስሟ ይነሣል። ተጉለት ጎረቤታችን ናት! የድጓ ተማሪ ኮቾሮ ለምኖ እየበላ፣ ቁንጫ እየነከሰው፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ ቀድቶ ዓመታት ይማራል። በመጨረሻ መምህሩ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ለብቻው ኮንሰርት አቅርቦ በመምህራን ፊት የሚፈተነው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ወላጆችን በቀጥታ ላነጋግር። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሥጋታችሁን አውቃለሁ። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በስንት ጭንቅ አልፎ እንዴት አዝማሪ ይሆናል ትላላችሁ። አዝማሪ የሚለው ቃል ከግዕዙ ዘመረ የመጣ ነው። መዘምርም አዝማሪም ከአንድ ሥር ወጡ፤ አንዱን አከበርን፣ ሌላውን ሰርግና ድግስ ላይ እየፈለግነው አቃለልነው። ይህ ትልቅ በደል ነው። ማስንቆ መቺው የጠላውን ሳይሰድብ በቅኔ የሚወጋ፣ የወደደውን ከፍ የሚያደርግ፣ የሀገር ወሬ ተሸካሚ ነበር። ልጃችሁ እሱን ቢመስል ምን ያሳፍራል?

የእንጀራውም ጥያቄ ተገቢ ነው። የሙዚቃ ምሩቅ የሚሠራበት ቦታ ከሰው ግምት ይሰፋል። በትምህርት ቤት ያስተምራል፤ በፖሊስና በመከላከያ የሙዚቃ ቡድን ይቀጠራል፤ በቴአትር ቤት፣ በባህል ቢሮ፣ በሬዲዮና በስቱዲዮ ይሠራል፤ የፊልም ሙዚቃ ይደርሳል። ሀብት በአንድ ጊዜ አይታፈስም። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ በግል እያስተማሩ ነው የሚኖሩት። ይህን ደብቄ ልጃችሁን ላኩ ብላችሁ መዋሸት ይሆንብኛል። ግን አንድ ነገር አስታውሱ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተካቷል። መጽሐፉ አለ። መጽሐፉን ይዞ ከልጆቹ ፊት የሚቆም፣ ቅኝት የሚለይ መምህር ያስፈልጋል። እኔ ልጅ ሳለሁ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሙዚቃ በመርሐ ግብሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የሚያስተምረን ሰው ስላልነበረ በዚያ ሰዓት ኳስ ለማባረር እንለቀቅ ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዓለም ከተማ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ባደረገው ድጋፍ እናት ሆስፒታል ሲቋቋም፣ ሕንፃው ብቻውን እንደማያክም፣ የተማረ ነርስና ሐኪም እንደሚፈልግ ሁሉም ገብቶታል። የሀገር ዜማም እንዲሁ ነው። ቤቱ ሙሉ ነው፤ የተማረ ጠባቂ ነው የጎደለው።

ምን ምን አለን? ለደቦ የወጣ ገበሬ አጨዳ ላይ የሚቀባበለው፣ አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ የሚያዜመው፣ እናት መጅ ይዛ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው፣ ሕፃን ሲያለቅስ የሚባለው እሹሩሩ፣ ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ሙሾው፣ የቡሄ ልጆች ጭፈራ፣ ሰርግ ላይ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚነፉት እምቢልታ። እምቢልታ የሚደንቅ ነገር ነው። አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ የለውም፤ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ በየተራ ሲገቡ ነው ዜማው የሚፈጠረው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይፈርሳል።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት ለሥራ ነው። ሥራው ሲለወጥ ዜማው ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ሲመጣ የመጅ እንጉርጉሮ ዝም አለ። ወፍጮ ቤት ይቅር የሚል ማንም የለም፤ የእናቶቻችን ጉልበት ዐርፏል፤ እሰየው! ዜማው ግን ሳይጻፍ መሄድ አልነበረበትም። ሃንጋሪ የምትባል ሀገር ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት ነበር። ባርቶክና ኮዳይ የተባሉ፣ ቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ የተማሩ ሁለት ወጣቶች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰም ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተሸክመው በየገጠሩ ዞሩ። ከገበሬና ከእረኛ ሺህ በሺህ ዜማ ለቀሙ። በኋላ ኮዳይ በዚያው ዜማ ለትምህርት ቤት ልጆች የመዝሙር ትምህርት አዘጋጀ፤ ዘዴው ዛሬ በብዙ ሀገር ይሠራበታል። ሁለቱ ይህን የቻሉት የሰሙትን መጻፍ ስለተማሩ ነው።

ስለዚህ የእኔን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። እንዲህ ያለው ትምህርት አዲስ አበባ ብቻ መቅረት የለበትም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። እንደ እሱ ያሉ ወጣት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሙዚቃ ትምህርት ትንሽነታቸው አይጎዳቸውም። መሣሪያ የሚሰጠው አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ ተቀምጦ ነው፤ መቶ ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ታጭቆ ማስንቆ አይማርም። አሥራ ሁለት ተማሪ፣ ጥቂት ድምፅ የማያስተላልፉ ክፍሎች፣ በክልሉ የሚሠሩ ማስንቆ፣ ዋሽንት፣ ክራርና በገና፣ አንድ ሁለት ፒያኖ ይበቃል። መምህርነቱንም ዲግሪ ላለው ብቻ አናድርገው። ማስንቆውን አዝማሪው ያስተምር፤ ዜማውን የድጓ መምህሩ ይምጣና ይንገረን፤ ኖታውንና ንድፈ ሐሳቡን ምሩቁ ይያዝ። እንደ እምቢልታው ሦስቱም ቢቀባበሉ ነው ትምህርቱ የሚሞላው።

ወደዚህ ትምህርት መግባት የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ለእናንተ ጥቂት ምክር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሙዚቃ እወዳለሁ ብላችሁ ሒሳብና እንግሊዝኛን አትተዉ። ከውጤቱ ሌላ የተሰጥኦ ፈተና አለ። ፈታኙ አንድ ድምፅ ያሰማችኋል፤ መልሳችሁ ታዜሙታላችሁ። በእጁ ምት ያጨበጭባል፤ መልሳችሁ ታጨበጭባላችሁ። ለዚህ ፒያኖ አያስፈልግም፤ ዓለም ከተማ ሆናችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። የቡሄ ጭፈራን አውጪና ተቀባይ ሆናችሁ ስትጫወቱ እየተለማመዳችሁት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ወረቡን በጥንቃቄ ተከተሉ፤ ከበሮው ሲረግጥና ጸናጽሉ ሲገባ ቁጠሩ። አንድ መሣሪያ ያዙ። ዋሽንት ለመቁረጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ክፍያውን በተመለከተ በመንግሥት ለሚመደብ ተማሪ እንደ ሌላው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት በወጪ መጋራት ነው፤ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ቀስ በቀስ የሚከፍለው ነው እንጂ ወላጅ በሬ ሸጦ የሚልከው አይደለም።

ጊዜያችን እያለቀ ነውና የሳምንቱን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ይህ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ስልክ በእጁ ላለ ሁሉ ነው። ከፊታችሁ ባለው እሑድ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት፣ መጅ ይዘው የፈጩ አንዲት እናት ፈልጉ። ቡና ይፈላ። ሲፈጩ ያንጎራጉሩት የነበረውን እንዲያሰሟችሁ ለምኗቸው፤ ከፈቀዱላችሁ በስልካችሁ ቅዱት። መጀመሪያ ላይ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ቀኑን በድምፃችሁ ተናገሩ፤ ዜማውን ከማን እንደተማሩም ጠይቋቸው። ከዚያ አታጥፉት። አንድ ቀን ኖታ መጻፍ የተማረ የመራቤቴ ልጅ ይፈልገዋል።

(ዋሽንት፤ እስከ ዝግጅቱ ፍጻሜ።)